ወላጆች ሆይ፣ አትፈርሙ!

ልጅ ኮሌጅ ጨርሳ «ማስተርስ ልቀጥል ነው» ስትል በሐበሻ ቤት የሚሆነው የታወቀ ነው። እናት እልል ትላለች፤ አዲስ አበባ ይደወላል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይዳረሳል። «እንኳን ደስ አላችሁ» የማይል የለም። «ማን ነው የሚከፍልላት?» የሚል ግን አይገኝም። ነውር ነዋ! በሰው ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ ይመስላል። እኔ ግን በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ የጡረታ ገንዘባቸውን ያሟጠጡ፣ ቤታቸውን መልሰው ያስያዙ እናቶችና አባቶች አውቃለሁ። ስለዚህ ነውሩ በእኔ ይሁን፤ ልናገር። ለልጆቻችሁ ማስተርስ ኮሳይን አታድርጉ። ዋስ ሆናችሁ አትፈርሙ።

የትምህርት ጠላት አይደለሁም። ማስተርሴን የያዝኩት እዚሁ አሜሪካ ነው፤ ሳልበደር። ቀን አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ማታ እዚያው እማራለሁ፤ ክፍያውን የሸፈነልኝ አሠሪዬ ነው። መንገዱን ያሳየኝ አብሮኝ የሚሠራ ጋናዊ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ «አንተ ለምን አትማርም? ለሠራተኛ እኮ በነፃ ነው» አለኝ። በዚያ ግቢ ከእኔ በፊት የገቡ፣ በዚሁ መንገድ የተማሩ የአገሬ ልጆች ነበሩ። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ በዓል ሲመጣ ድፎ ዳቦ አብረን እንቆርሳለን። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው።

እስቲ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ግራድ ፕላስ የሚባል ብድር ይሰጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የጠራውን ዋጋ፣ የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ጨምሮ፣ እስከ መጨረሻው የሚሸፍን ብድር ነው። ገና ሲሰጥ ከ4 በመቶ በላይ ለአገልግሎት ተብሎ ይቆረጥለታል፤ ወለዱም በ2024–25 የትምህርት ዘመን 9.08 በመቶ ነበር። ጣሪያ የሌለው ብድር እያለ ዩኒቨርሲቲ ዋጋውን የሚቀንስበት ምን ምክንያት አለው? ዎል ስትሪት ጆርናል በ2021 ይፋ ባደረገው ምርመራ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተበድረው በፊልም ማስተርስ የያዙ ተመራቂዎች መካከለኛ ዕዳ 181 ሺህ ዶላር ነበር። ከተመረቁ ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሾቹ በዓመት 30 ሺህ ዶላር እንኳ አያገኙም ነበር። ኮሎምቢያ! ስሙ ሲጠራ ጠያቂ የማያሻው መስሎን እጃችንን የምንሰጠው ትምህርት ቤት።

ሌላም አለ። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ማስተርሱን በኦንላይን ሲያስተምር ዋጋው ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ከዚህ ክፍያ 60 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ደግሞ ተማሪ የሚመለምለው ቱ ዩ የተባለ ኩባንያ ነበር። በተመዘገበ ተማሪ ልክ ለመልማይ ኮሚሽን መክፈል በ1992 በሕግ ተከልክሏል። በ2011 የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ያወጣው መመሪያ ግን ምልመላን ከሌላ አገልግሎት ጋር አዳብለው ለሚሸጡ እንዲህ ላሉ ኩባንያዎች በር ከፈተላቸው። በልጆቻችሁ ስልክ ላይ «አድሚሽን ካውንስለር ነኝ፣ ቦታው ሊያልቅ ነው» እያለ ቀን ከሌት የሚደውለው ሰው ከየት እንደተላከ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ቱ ዩ በ2024 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። የተማሪዎቹ ዕዳ ግን ዛሬም በየቤታቸው አለ፤ ወለዱም ይቆጥራል።

በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግራድ ፕላስን ዘጋው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ አይወስደውም። ለማስተርስና ለፒኤችዲ ከመንግሥት የሚገኘው ብድር በዓመት ከ20,500፣ በጠቅላላው ከ100 ሺህ ዶላር አይበልጥም፤ ለሕክምና፣ ለሕግና ለመሳሰሉት ሙያዎች በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ነው። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በ2025 መጨረሻ ባዘጋጀው ረቂቅ ደንብ ካይሮፕራክቲክና ቲዎሎጂ ከነዚህ ሙያዎች ተቆጠሩ፤ ነርሲንግ አልተቆጠረም። በዚህ አገር ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩት እህቶቻችን ስንት እንደሆኑ ለአንባቢ መንገር አይጠበቅብኝም። ከነርስነት ወደ ነርስ ፕራክቲሽነርነት ልደግ የምትል ሴት በዚህ ረቂቅ የምታገኘው ትንሹን ጣሪያ ነው። ሙያዋን የናቀ ውሳኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጣሪያ መበጀቱን በራሱ አልቃወምም። ልክ የሌለው ብድር ብዙ ቤት አፍርሷል። ግን ብድሩን ሲቀንሱ ዋጋውን የቀነሰ ማን አለ? ትምህርቱ በዓመት 41 ሺህ ከሆነ መንግሥት 20,500 ያበድራል፤ የቀረውን 20,500 ልጅቷ ከየት ታምጣ? የግል አበዳሪው እዚያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የ23 ዓመት ልጅ የክሬዲት ታሪኳ አጭር ነው፤ ገቢዋ ትንሽ ነው። «ኮሳይነር አምጪ» ይላታል። እሷም እናቷን ታመጣለች።

ይህን ልብ በሉ። ለመንግሥት ብድር በሚሞላው ፋፍሳ የተባለ ቅጽ ላይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ራሱን እንደቻለ ሰው ነው የሚቆጠረው፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም፤ የወላጅ ፊርማም አይፈለግም። እናትን የሚጠራት የግል አበዳሪው ነው። የእሱ ብድር ደግሞ ከመንግሥቱ ጋር አንድ አይደለም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የፈጸመ ሰው ቀሪ የፌዴራል ዕዳው የሚሰረዝበት በ2007 የወጣ ሕግ አለ፤ የግል ብድር በዚህ ውስጥ አይገባም። ከ2005 ወዲህ የግል የትምህርት ብድር በኪሳራ ፍርድ ቤት እንኳ በቀላሉ አይሰረዝም። ልጅ ሥራ አጥታ አንድ ወር ብታሳልፍ የእናትም ክሬዲት አብሮ ይወድቃል።

እህቴ ደውላ «ና እስቲ ይህን ወረቀት እይልኝ» ያለችኝ በዚህ ሰሞን ነው። ሄድኩ። ልጇ ለሁለት ዓመት ማስተርስ ተቀባይነት አግኝታለች፤ ስምንት ገጽ የብድር ውል ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የሚፈረምበት ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። እህቴ የማታ ሥራ አድራ ገና ልብሷን አልቀየረችም። ወለዱ ተለዋዋጭ ነው፤ ከፍ ሲል ክፍያውም አብሮ ከፍ ይላል። አንዱን አንቀጽ በአማርኛ መለስኩላት፤ አበዳሪው ከተበዳሪዋ ገንዘቡን ለማስከፈል ሳይሞክር በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል ይላል።

«እሷ ባትከፍል ከእኔ ይቆርጣሉ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እሷን ሳይጠይቁ?»

«ሳይጠይቁ።»

ልጅቷ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «አጎቴ፣ ታዲያ ሌላ ምን መንገድ አለኝ?» አለችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከወራት በፊት መጠየቅ የነበረበትም ይኸው ነው። የት እንደምትሠራ ታውቃላችሁ? ሆስፒታል። በቋሚነት። የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም የሚዘረዝረውን መመሪያ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ከፍታው አታውቅም። ቁጭ ብለን ከፈትነው። አሠሪዋ ለማስተርስ በየዓመቱ ይከፍላል፤ በቅድሚያ ማመልከት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ መክፈል እንደሚችል የሚፈቅድ ሕግ አለ። መጠኑ በ1986 ተወስኖ ለአርባ ዓመት ያህል ሳይነካ የቆየ ነው፤ ማስተርስንም ይሸፍናል። ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች፣ የካውንቲና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ይህን ወይም የሚመስለውን ይሰጣሉ። በዓመት ጥቂት ኮርስ እየወሰዱ በአራት ዓመት መጨረስ ነውር አይደለም። በሁለት ዓመት ጨርሶ አሥራ አምስት ዓመት ከመክፈል እጅግ ይሻላል። ስሌቱ ይኸው፦ 41 ሺህ ዶላር በ8 በመቶ ብትበደሩ የዓመቱ ወለድ ብቻ 3,280 ዶላር ነው፤ ከዋናው ገና ምንም አልተነካም።

ዩኒቨርሲቲ የሚቀጠር ሰው ደግሞ ከዚያም የተሻለ ያገኛል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሠራተኞቻቸውን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ፤ ለማስተርስ ሲሆን ከ5,250 በላይ ያለው እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ታክስ ይከፈልበታል፤ ቢሆንም ከዕዳ ጋር አይወዳደርም። እዚህ ላይ አንድ የሚያቃጥል ነገር ልናገር። በየካምፓሱ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ያሉትን ወንድሞቻችንን አስቧቸው። ባችለር፣ አንዳንዴም ከአገር ቤት ይዘው የመጡት ማስተርስ ያላቸው ናቸው። ዓመታት ሙሉ እዚያው ግቢ ቆመው ይውላሉ፤ የሚከፍላቸው ግን ኮንትራክተር ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች አይባሉም። ትኬት የሚቆርጡላት የቢሮ ጸሐፊ በነፃ ትማራለች፤ እነሱ አይማሩም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ሆነ ብለው አድርገውታል፤ ወጪ ለመቀነስ። ልወቅሳቸው ይገባል፤ እወቅሳቸዋለሁም። ግን አንተ ወንድሜ፣ የዩኒቨርሲቲውን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ዛሬ ማታ ክፈት። በሰዓት አንድ ሁለት ዶላር ቢቀንስ እንኳ ሬጅስትራር ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕንፃ አስተዳደር፣ የቱንም ሥራ ጠይቅ። የገባህ ቀን የምትፈልገው ዲግሪ ዋጋ ይለወጣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስለ ፒኤችዲ ያለን ግንዛቤ ነው። «ማስተርሱ ይህን ያህል ከሆነ ፒኤችዲውማ እንዴት ይቻላል!» ይባላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአሜሪካ ደህና የሚባል የምርምር ዩኒቨርሲቲ የፒኤችዲ ተማሪውን አያስከፍልም፤ ይከፍለዋል እንጂ። ተማሪው ያስተምራል ወይም ከፕሮፌሰሩ ጋር ይመራመራል፤ ትዩሽኑ ይቀርለታል፣ የጤና ኢንሹራንስና የወር አበል ያገኛል። ደግሞ ማስተርስ ሳይዙ ከባችለር በቀጥታ መግባት ይቻላል፤ ብዙ ቦታ ማስተርሱ በመንገድ ላይ ይሰጣል። ከ1952 ጀምሮ ያለው የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ፌሎሺፕ ለሦስት ዓመት በዓመት 37 ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ ግሪን ካርድ ላለውም ክፍት ነው። በ2025 የምርምር በጀት መቆረጡ ቦታውን አጥብቦታል፤ ምርምር የማይወድም አምስት ስድስት ዓመቱን በነፃ ስለሆነ ብቻ አይግባበት። ነገር ግን ሳይንስና ምሕንድስና የሚወድ ልጅ ለማስተርስ 80 ሺህ ዶላር ሲበደር ማየት አልችልም፤ ያሳምመኛል። የትምህርት ክፍሉን «ለማስተርስ ተማሪ አሲስታንትሺፕ አለ? ስንቱ ያገኛል?» ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

ለነርሶች ነርስ ኮር የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ ሠራተኛ በጎደለበት የጤና ተቋም ሁለት ዓመት ለሚያገለግሉ ተመራጮች የነርሲንግ ትምህርት ዕዳቸውን 60 በመቶ ይከፍላል። ሐኪም ልሁን የሚል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ባልቲሞር ቅርባችን ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ በ2024 ከማይክል ብሉምበርግ ባገኘው 1 ቢሊዮን ዶላር የቤተሰብ ገቢያቸው ከ300 ሺህ በታች የሆነ የሕክምና ተማሪዎችን ትዩሽን ነፃ አደረገ፤ ከ175 ሺህ በታች ለሆኑት የኑሮ ወጪያቸውንም ይሸፍናል። በዚያው ዓመት ሩት ጎትስማን የሰጡት 1 ቢሊዮን ዶላር በብሮንክስ ያለውን የአልበርት አይንስታይን ሕክምና ኮሌጅ ነፃ አድርጎታል፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ (ኤንዋይዩ) የሕክምና ትምህርት ቤትም ከ2018 ጀምሮ ትዩሽን አያስከፍልም። ከሀንጋሪ ተሰደው የመጡት ፖልና ዴዚ ሶሮስ በ1997 ያቋቋሙት ፌሎሺፕ ደግሞ ለስደተኞችና ለስደተኞች ልጆች ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ በየዓመቱ ለ30 ሰው በሁለት ዓመት እስከ 90 ሺህ ዶላር ይሰጣል። መግባቱ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ለእኛ ልጆች በስማችን የተከፈተ በር ሆኖ ሳለ ስሙን የሰማ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ዕቁብ ሳልናገር ባልፍ እበድላለሁ። ሃያ ሰው በወር ሺህ ሺህ ዶላር የሚጥልበት ዕቁብ በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ ዕጣው 20 ሺህ ነው፣ ያለ ወለድ። ወለድ ሃይማኖታቸው የሚከለክላቸው ሙስሊም ወገኖቻችን በዚህ መንገድ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ አይቻለሁ፤ ሴሚስተር ሲቃረብ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለባለ ተማሪው ይለቅለታል። እዚያም ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ግን ሰውየውን ያውቀዋል፣ ዳኛውም ያውቀዋል፣ ቢቸገር ተቀምጦ ይነጋገራል። ይህ ያለን ሕዝብ ለምን ተለዋዋጭ ወለድ ላይ እንሮጣለን?

ከአገር ቤት ስለሚጽፉልንም አንድ ቃል። የእህት የወንድም ልጅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለበትን ደብዳቤ ይልክና «ስፖንሰር ሁኑኝ» ይላል። ደብዳቤውን አንብቡት። ገንዘብ ያልተያዘለት የማስተርስ ቅበላ ከሆነ የተላከው ሂሳብ መጠየቂያ ነው። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የቤተሰቡን ቦታ አሽጦ ለአንድ ሴሚስተር ከፍሎ የሚመጣ ልጅ ሁለተኛውን ሴሚስተር በእናንተ ላይ ይጥላል። የማመልከቻ ክፍያ ይነሣልኝ ብሎ መጠየቅ፣ አበል ላላቸው ፕሮግራሞች ማመልከት፣ አንድ ዓመት መታገሥ ይሻለዋል። ይህን በግልጽ ንገሩት።

የሚያውቁት ዝም ማለታቸው ያበቃል ወይ? የነገረኝ ጋናዊ ባይኖር ኖሮ እኔም ዛሬ ከፋይ ነበርኩ። በዚህ ከተማ በአሠሪው የተማረ፣ አበል እየተከፈለው ዶክተር የሆነ፣ በነርስ ኮር ዕዳው የተከፈለለት ሐበሻ ሞልቷል። ምቀኝነት ፈርታችሁም ይሁን «ሰው በራሱ ይወቀው» ብላችሁ፣ ያገኛችሁትን መንገድ ይዛችሁ መቀመጣችሁ በደል ነው። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ ለምርቃት ኬክ የምትቆርሱበት አዳራሽ እነዚህ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ቆመው እንዴት እንደከፈሉ ይናገሩበት። በስም፣ በቁጥር፣ ፎርሙን እያሳዩ።

የእህቴ ወረቀት አልተፈረመም። ልጅቷ ቅበላዋን ወደ ማታው ትምህርት አዘዋውራ በአሠሪዋ ወጪ ልትጀምር ነው። የእናንተ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ወደ መሳቢያ መልሱት። ልጃችሁን ነገ ጠዋት ወደ አሠሪዋ ኤች አር፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ክፍሉ ላኳት፤ መልሱን በጽሑፍ ይዛ ትምጣ።